ደጅዎ ቢቆም

ቢቸና፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.። ዛሬ ጠዋት ሰባት ኩንታል ነጭ ጤፍና ሦስት ኩንታል ጓያ ገባ። ከጤፉ ሁለቱን እርጥበት ስለነበረው መለስኩት።

ይድረስ ለእናቴ ምትክ ለእትዬ ፀሐይነሽ፣ ሞጣ። እጄ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ስለለመደ የእርስዎንም ደብዳቤ በእህል ጀመርኩት፤ አይቀየሙኝ። ለመሆኑ እንዴት ከረሙ? ወገብዎስ ተሻለዎት? ለጥምቀት ታቦት ለመሸኘት ወጡ ወይስ ከቤት ዋሉ? እኛ በአካል ደኅና ነን። ከዚያ አልፌ ደኅና ነን ብል ግን ውሸት ይሆናል።

ልጄ አምላኩ ጠፍቶብናል።

አሥረኛ ክፍልን አቋርጦ ቅኔ ልማር ብሎ ደብረ ወርቅ መግባቱን ያውቃሉ። ያኔ ሄጄ ብለምነው፣ «አባዬ፣ ሱቁን ለሚወደው ሰው ስጠው» አለኝ። እያንገሸገሸኝ ተውኩት። ክረምት ላይ ግን ሳል ያዘው። በዚያ ዝናብ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ሲለምን ባየው አንጀቴ አልቻለም። ገንዘብ ብሰጠው አይቀበልም። ስለዚህ እንደ ነጋዴ አሰብኩ። እዚያ ወይዘሮ ይርጋነሽ የምትባል ደንበኛ አለችኝ። አንድ ኩንታል ጤፍ ሰጥቻት፣ እሱ ለልመና ሲመጣ ሙሉ እንጀራ በወጥ እንድትሰጠው፣ ከእኔ መሆኑን ግን እንዳትናገር ተስማማን። ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ተማሪዎቹ የለመኑትን የሚበሉት አብረው ነው። የሌላው አኩፋዳ የደረቀ ቁራሽ ሲይዝ የእሱ በየቀኑ ትኩስ እንጀራ ሲሆን ጓደኞቹ ነቁ። «አንተ የነጋዴ ልጅ፣ ልመናውንም በኮንትራት ያዝከው!» እያሉ ሳቁበት። ሄዶ ይርጋነሽን በማርያም አስማላት፤ በማርያም ምላ እንዴት ትዋሽ? ነገረችው። አኩፋዳውን ደጇ ላይ ገልብጦ፣ «ከእንግዲህ በምን ስም እንደምጠራ እንኳ አያውቅም፤ ለአባቴ ንገሪው» ብሎ በዚያው ወጣ። ይህ የሆነው ከገና በፊት ነው።

እናቱ ትርሲት እህል ከአፏ አይገባም። «ልጄን በጤፍህ አባረርከው» ትለኛለች። የሱቁን ጭነት የሚጭንልንን ፋንታን እስከ ጉንደ ወይን ድረስ ልኬ በየጉባኤ ቤቱ አስፈለግሁት። የኔታዎቹ በዚያ ስም የሚጠራ የለም እያሉ መለሱት። ትናንት አንድ ሾፌር፣ ረጅም፣ እያሳለ የሚሄድ ተማሪ በሞጣ መንገድ አይቻለሁ አለ። ትርሲት ይህን ስትሰማ የጭነት ገመድ አምጥታ ፊቴ ጣለችው፤ «እትዬ ፀሐይነሽ ይያዙልን፣ አንተ አስረህ አምጣው!»

እኔም ይህንኑ ልጽፍልዎ ነበር። ግን ተደብቄ በሰጠሁት እንጀራ ደብረ ወርቅን ከለቀቀ፣ እጁን ብይዘው ወዴት ሊሄድ ነው? ከዓባይ ማዶ? በዋጋ ያልተስማማኝን ሻጭ ዞር ብዬ ሳላይ ትቼ መሄድ አውቅበታለሁ። ልጅን መተው ግን በምን እንደሚጀመር የሚነግረኝ አላገኘሁም። ፈጣሪን እንኳ ስለምነው ሳላስበው በዋጋ እከራከረዋለሁ፤ እሱን መልስልኝና ይህን ያህል ልስጥህ እላለሁ። አፍሬ አቋርጠዋለሁ፤ ተመልሼም ዋጋውን እጨምራለሁ።

እትዬ፣ ቤትዎን ስለሚያውቅ ይሸሸው ይሆናል። ርኃቡ ጠንቶበት ደጅዎ ቢቆም ግን በስሙ አይጥሩት። እንዳወቁት አያሳዩት። ለሌላው ተማሪ የሚሰጡትን ያህል ይስጡት፤ እባክዎ፣ አይጨምሩበት። ብቻ ሲለምን ያ ሳሉ አብሮ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጡልኝ።

ለባለቤትዎ ለአቶ አዳሙ አክብሮቴን ይንገሩልኝ። ልጅዎን ማርያማዊትን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ፤ ሕፃኑንም ይሳሙልኝ። ትርሲት የተቀየመችው እኔን ነው እንጂ የእርስዎንስ ጉልበት ስማለች። ስልኩ ስለማይሠራ መልስዎን ይህን ደብዳቤ ላመጣልዎ ሾፌር ይስጡት።

ወንድምዎ ገብረ ሕይወት።

ነገ፦ ፋንታ ወደ ሞጣ ለፍለጋ ሳይነሣ በጠዋት እኔው ቤቱ ደርሼ ማስቀረት። ጓያውን ወደ አማኑኤል ከተማ ማስጫን።