ካሜራህን ወደ ክፍሌ አምጣው

የእህቴ ልጅ፣ ታላቁ ዳይሬክተር፤

ለቀዶ ጥገናው ሄጃለሁ። እንዲህ ያለ ልብ አይተን አናውቅም ብለው ሐኪሞቹ ሊጣሉብኝ ነው። ራትህ ምድጃው ላይ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ለፊልምህ መክፈቻ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ጠዋት እንዴት እንደሚነሳ ለማጥናት ሰፈር ለሰፈር ሽማግሌ ስትጠይቅ ከረምክ።
የዚህ ሙያ ሊቅ ከክፍልህ ግድግዳ ማዶ ነበር።
ይሁን፤ እንዳታሳዝነኝ ብለህ ነው።

በል ጻፍ፦ ሰውየው አልጋው ላይ የሚተኛው በሚስቱ በኩል ነው፤ ባዶው ቦታ የራሱ እንዲሆን። እንዲህ ያለ መክፈቻ ዓለም አላየም።

ክፍሌን ከፍቼልሃለሁ። የጠዋት ፀሐይ የምታርፈው ቀጥታ ትራሱ ላይ ነው። አልጋውን አታንጥፍ።

ከተመለስኩ እኔው እተውንልሃለሁ።
ካልሆነም አልጋው ያውቅበታል።

አጎትህ