ቆስጣው ስለታሰረበት ቢጫ ጨርቅ

ለተከበሩ የአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣

ጤናዎ በማስታወቂያዎ ላይ እንዳለው ጎመን የለመለመ ይሁን። ቅጽ ልሞላ የመጣሁ ዕለት በኮሪደሩ ቆሜ፣ እርስዎ በስልክ «የኛ አባል የሚያበላውን ገበሬ ያውቀዋል፣ ገበሬውም እሱን ያውቀዋል» ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ተብሎ ያልተነገረ ነገር ውሸት ሊሆን አይችልም ብዬ ፈረምኩ።

በዚያው ቀን፣ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ተቀምጠው አሥራ አንድ ዓመት አትክልት የሸጡልኝን ባለጉሊት ተሰናበትኩ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ የምበላው በቀጥታ ከገበሬው ነው» አልኳቸው። «ደግ ነው ልጄ፣ ሰላም በልልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ላለማየት በጀርባ መንገድ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ከሚልኩልን የአትክልት ሣጥን ጋር ስለሚደርሰን የገበሬው ደብዳቤ። የእጅ ጽሑፉ በየወሩ ስለሚለዋወጥ፣ በማሳው ከአትክልቱ ይልቅ ጸሐፊ እንደሚበቅል ተረድቻለሁ። ቢሆንም ጥርሷ ያለቀው እናቴ፣ ሁልጊዜ ለጋ ካሮት ስለሚደርሳት ገበሬውን ሳትመርቅ አትበላም።

፪ኛ፦ የእርሻ ጉብኝታችንን በክረምት ለጭቃው፣ በበጋ ለአቧራው ብለው ስላራዘሙልን። ለጫማችን እንዲህ የተጨነቀልን የለም።

፫ኛ፦ ይኸኛው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ባለፈው ቅዳሜ የደረሰን ቆስጣ የታሰረው ከቢጫ ዣንጥላ በተቀደደ ጨርቅ ነበር። ዣንጥላውን አውቀዋለሁ፤ ነፋስ ሰብሮብኝ ለእትዬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቋጠሮውም የእሳቸው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ስፈታው ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ማሳዎ ከደጄ ሃምሳ እርምጃ ላይ ኖሯል። ወዳጄን አስከድተውኝ ሲያበቁ፣ የእሳቸውኑ ቆስጣ በሣጥን አሽገው ስለላኩልኝ ውለታዎን በምን እንደምመልስ አላውቅም። እኔ እንኳ ስከዳ ቢያንስ ፊት ለፊት ነግሬ ነበር።

በጀርባ መንገድ ሲመላለስ ጫማውን የጨረሰ፣
ቅን አባልዎ

ማስታወሻ፦ በኮሪደሩ ከሰማሁት ግማሹ እውነት ሆኖ ስለተገኘ ምስጋናዬ ይታረምልኝ። ትናንት ይቅርታ ልጠይቅ እትዬ ዘንድ ሄጄ ነበር። «ምን ይቅርታ አለው ልጄ፤ ሣጥኖቹን የምሞላው እኔ አይደለሁ? የናንተን እኮ ከመጀመሪያው ቀን አውቀዋለሁ፣ የቤት ቁጥራችሁ ተጽፎበታል» አሉኝ። ለእናቴ ለጋ ለጋውን ካሮት ሲመርጡ የከረሙት እሳቸው ናቸው።