የሩፋኤል ዕለት የቀዳሁት ውሃ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ንግሥቴ፣ መካነ ሰላም።

እናቴ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ? የእኅቴ የአስቻለች ዓይን ቀለል አላት ወይስ አሁንም ከብርሃን ትሸሻለች? እኔ ልጅዎ አምባቸው ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን ሌላ ነገር ይቅደም።

ትናንት ጠዋት ነጋዴው ምናለ ጨው ጭኖ ሲነሣ፣ ለአስቻለች የሩፋኤል ጠበል ብዬ በአረቄ ጠርሙስ ውሃ ልኬአለሁ። እንዳያጠጧት፤ ዓይኗንም እንዳያጥቡበት። ይህ ደብዳቤ እስከ ወረኢሉ በመኪና ስለሚሄድ የምናለን በቅሎዎች ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። የሚያነቡልዎ የኔታ ወልደ ገብርኤልም እዚህ ላይ ቆም ብለው ጠርሙሱ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማዩን ስንለምን መኖራችንን ያውቃሉ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የጣለው ዝናብ ግን፣ እግዚኦ! ቆርቆሮው ሲጮኽ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንሰማማም። ራብ ከየአገሩ ያመጣቸው የመጠለያው ሰዎች፣ መቆም ያቃታቸው እንኳ ሳይቀሩ፣ ወጥተው ፊታቸውን ለዝናቡ ሰጡ። የሩፋኤል ጠዋትም አላባራም። የቦርከና ወንዝ ድልድዩን ሊውጥ ደርሶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፣ አለቀስሁም።

እንደ አገራችን ልማድ ልብሴን አውልቄ ከዳሩ ገባሁ። ሦስት ጊዜ ተነከርሁ፣ ሦስት ጊዜ ተጎነጨሁ፣ ጠርሙሱንም ሞላሁ። ይሸት ነበር፤ የጎርፍ አፈር ነው ብዬ ናቅሁት።

ምናለ ከሄደ በኋላ ነገሩን ለቤት አከራዬ ለሩቂያ ባጫውታት፣ ያ ረቢ፣ አንተ ልጅ ከላይ ያለውን አላየህም ወይ ብላ ጮኸች። እየጎተተች በወንዙ ዳር ሽቅብ ወሰደችኝ። ለመጠለያው ሕዝብ የተቆፈሩት የሽንት ቤት ጉድጓዶች በዝናቡ ሞልተው ወደ ወንዙ ይፈስሳሉ፤ የከተማው ቦይም እንዲሁ። እናቴ፣ ቆሜ ቀረሁ። ያ የለመንነው ዝናብ ራሱ ነው፤ ማንን ልክሰስ? በእኛ አገር ከወንዝ በላይ ያለው ተራራ ነው። እዚህ ከወንዙ በላይ ሰው ይኖራል። ዳዊት የደገምሁ ሰው ይህን ሳላስብ መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ የኔታም ይሣቁብኝ።

ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ይቆርጠኛል። ሩቂያ አጥሚት እያፈላች ታስታምመኛለችና አይሥጉ። እኔ እችለዋለሁ፤ ያቺ ልጅ ግን አትችለውም። ከተማው በወታደር ተሞልቷል፣ ሬዲዮውም ቀኑን ሙሉ ስለ ለውጥ ያወራል፤ የእኔ ሐሳብ ግን ጠርሙሱ ላይ ነው። ከምንጩ ርቀው ጉድጓድ አስቆፍረው ከነውሃው ይቅበሩት። ጠርሙሱ ያሳዝናል ብለው አጥበው እንዳያስቀምጡት፤ አውቅዎታለሁ። ምናለንም አይቆጡት፣ አደራ ተሸክሞ ነው የመጣው።

የየኔታን ጉልበት ስሜአለሁ። ወንድሜ ቸኮል፣ የዘራኸው ገብስ እንዴት ሆነልህ?

አስቻለችን ግን፣ ክረምቱ ገና አልወጣምና፣ ዝናብ ሲጥል ወደ ደጅ ያውጡልኝ። ፊቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ እጇን ትዘርጋ። ከዚያ ውሃ በላይ የሚኖር ሰው የለም።

ልጅዎ አምባቸው
ደሴ፣ ጳጉሜ ፭ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.