ከኳዛሯ ጎን ያለችው ጭረት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም ከስክሪኑ ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። ኳዛሯ ያው አንዲት ነጠብጣብ ናት። አንድ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲውጥ፣ ጋዙ ግሎ የሚረጨው ብርሃን... የተነሳው ምድር ሳትፈጠር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሕዋ ቴሌስኮፑ መቀበያ ላይ ያረፈው መቶ ሠላሳ የኤክስሬይ ቅንጣት ብቻ! ከጎኗ ደግሞ ቀጭን ጭረት። አለቃ በደስታ ሊሞት ነው። «ከኳዛሯ የተወረወረ ጋዝ ነው! ሠላሳ ዓመት የፈለግኩት!» በሰኔ ጡረታ ይወጣል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ጽሑፉን ለጆርናሉ ላክን። ስሜ መጀመሪያ ላይ። ሦስቴ ከፍቼ አየሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
እማዬ መጣች። ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ኤክስሬይ ያነሳች ሴት ናት። ምስሉን አሳየኋት።
«አጥንት የለውም እንጂ ሥራችን አንድ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ፣ «ይቺ ጭረት በሽተኛው ላይ ናት ወይስ ፊልሙ የሚገባበት ካሴት ላይ?»
«እማ ደግሞ! ይሄ እኮ ሰማይ ነው።»
«እሺ የኔ እናት። እኔ ግን መጀመሪያ ካሴቱን ነበር የማየው።»
ለምን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ቴሌስኮፑ በዚያው ሳምንት ሌላ የሰማይ ክፍል ያነሳበትን ምስል አወረድኩ። ኳዛር የለም፣ ባዶ ነው። ጭረቷ ግን አለች። እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ርዝመት።
የመቀበያው ጉድለት ናት። እንዴት ሳላይ ቀረሁ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
አለቃ ኮሪደር ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ ምስሉን ያሳያል። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ፈሪ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ነገርኩት። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።
«ሌላ ማን ያውቃል?»
«እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»
«በይ ዛሬ ሂጂ» አለኝ። ፊቴን አላየኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
አልመጣም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀምጦ አገኘሁት። ጽሑፉን ከጆርናሉ የምንስብበትን ደብዳቤ ጽፎ ጨርሷል። «ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው» ይላል።
«ምስሉን የሠራሁት እኔ ነኝ!»
«ሳልፈትሽ የፈረምኩት እኔ!»
ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለጥፋት ስንሻማ! መጨረሻ ላይ «የእኛ» ብለን ላክነው። ዓይኑ ቀልቷል። አላለቀሰም... ወይስ እኔ ሳልመጣ አልቅሶ ነበር?

ሐሙስ፣ ኅዳር 25
የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ቀረብኩ። «ጭረቷ የእኛ እንጂ የሰማይ አልነበረችም» አልኩ። ማንም አልሳቀም። አለቃ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ከመድረኩ ስወርድ፣ ሌላ ኳዛር ለማየት ቴሌስኮፑን የምንጠይቅበት አዲስ ማመልከቻ ሰጠኝ። የጥናቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ የእሱ ስም የለበትም።
«በአዲሷ ኳዛር ዙሪያ ምን እናገኛለን ትያለሽ?»
«አላውቅም» አልኩት።
ባለፈው ወር ቢጠይቀኝ የሆነ ነገር ቀባጥሬ በሸሸሁ። ዛሬ ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት።