እናትሽ የምታልፍበት ፊልም

ልጄ አምሳል፣ የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት ካለሽበት ይድረስሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሩዙ ውሃ በዝቶበት ወድቋል፤ ላሟ ግን ወልዳለች።

ያ በስልኬ እንድከፍተው የላክሽልኝ ፊልም፣ እናትሽ በይፋግ ገበያ ስታልፍ የሚታይበት፣ በየቀኑ መጽናኛዬ ነበር። ፎቶ እንኳ የላትም። በሙት ዓመቷ ዕለት ጎረቤት ጠርቼ ጠላ እያጠጣሁ እሱንም አሳየሁ። ስልክ ሠሪው አዛናው አይቶ፣ «አባባ፣ ይሄ ድረ ገጽ እኮ ፈቃድ የለውም፤ ሰው የለፋበትን ሰርቆ ነው በነጻ የሚያሳይዎ፤ ሕግም አይፈቅደው» አለኝ። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው፣ «በተሰረቀ እህል ተዝካር ይወጣል ወይ?» አሉኝ።

አንቺን አልወቅስም፤ ለናፍቆቴ ብለሽ ነው። ከዚያ ወዲህ አልከፈትሁትም። የሚያስለቅሰኝ ግን ኃጢአቴ ይሁን እሷን ማጣቴ፣ እኔም አላውቀው። አካሄዷ ከዓይኔ እየጠፋ ነው። ነፍስ ይማር ስል ፊቷ አይመጣልኝም።

እባክሽ ባለፊልሞቹን ፈልገሽ አስፈቅጂልኝ። እምቢ ካሉም አትደብቂኝ፤ ቁርጤን ልወቅ።

የሷን ፊት የነሳኝ ጌታ ያንቺን አይንሳኝ።

አባትሽ ቻላቸው፣ ከወረታ