ኮፍያ የተሰቀለበት ካሜራ

ውድ እታለም፣

አንድ ማታ መርፌውን ከነክሩ አቀበልሽኝ። «አስገባልኝ» አልሽ፣ ሌላ ምንም አላልሽም። ሠላሳ ዓመት ስትሰፊ ኖረሽ ክር አስገባልኝ ያልሽው ሰው የለም። እኔ ሳቅሁብሽ። «አረጀሽ በቃ» አልኩሽ። አንቺም ሳቅሽ፤ ሳቅሽ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው። ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን በየቀኑ ጆሮዬ ላይ የሚመላለሰው እሱ ነው።

ማዳመጥ ሥራዬ ነው። ይህን አልነገርኩሽም።

በታክሲ ማህበሩ «መዝገብ ክፍል ነኝ» ያልኩሽ ሙሉ ውሸት አልነበረም። በየታክሲው ስፖኪዮ ሥር የተገጠመችውን ትንሽ ካሜራ ታውቂያታለሽ። መስታወቱ ላይ «ለደኅንነትዎ ሲባል በካሜራ ይቀረጻሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ስለ ድምፅ አንድም ቃል አይተነፍስም። ካሜራዋ ግን ድምፅም ትቀርጻለች፤ ሹፌሮቹ ራሳቸው አያውቁም። አንድ ሹፌር ካሜራዋን ሸፍኗት ምስሉ ጨልሞ ሲመጣ ቅጂው ለእኔ ይሰጣል። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ የሰው ገመና እሰማለሁ። የሚጣሉ ባልና ሚስት። በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ የሚዋሽ ነጋዴ። ለብቻዋ የምታለቅስ ሴት። ቤት ስገባ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ትዪኛለሽ። «ያው ወረቀት ነው» እልሻለሁ።

የማክሰኞ ቅጂ ሐሙስ ይደርሰኛል። አራት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ሐሙስ ዕለት፣ ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ አንቺ ሳቅሽ።

«ኮፍያህን ሰቀልክባት?»

«ሰቀልኩባት እትዬ። አሁን ማንም አያየንም።»

«አደራህን፣ ወንድሜ ጆሮ እንዳይደርስ።»

ከዚያ የሞተር ድምፅ ብቻ። መጨረሻ ላይ በር። የዚያ ታክሲ የኋላ በር በአንዴ አይገጥምም። መጀመሪያ አንቺ ትዘጊዋለሽ፣ ቀጥሎ እሱ ወርዶ ይደግመዋል።

አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ማዳመጫውን አውልቆ አየኝ። «ምነው ፊትህ ጠቆረ? የሚስትህን ድምፅ ሰማህ እንዴ?»

«ሚስት የለኝም።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል፣ አንተ ዕድለኛ!»

ያን ዕለት ማታ፣ ማክሰኞ የት ሄደሽ እንደነበር እንደ ዘበት ጠየቅሁሽ። «ቁልፍ ልገዛ» አልሽና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍሽው። የሸሚዝ ቁልፎች፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ። ለአንድ ሸሚዝ! ለማስመሰል ቸኩላ ያገኘችውን አፍሳ ነው የመጣችው አልኩ በልቤ። አንቺ ስትተኚ ሻርፕሽን ከበሩ ጀርባ አንሥቼ አሸተትኩት። አዎ፣ አሸተትኩት። የመኪና ወንበር ይሸት ነበር።

ሰውየውን አላውቀውም። ለእኔ መልክ የለውም፤ ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ብቻ ነው። የጠላሁት አለመቸኮሉን ነው። በሁለተኛው ሐሙስም ኮፍያው ተሰቀለ፣ አንቺም ሳቅሽ፣ እኔም ቅጹን አወጣሁ። በደንባችን ካሜራ ሁለት ጊዜ ሆን ብሎ የሸፈነ ሹፌር ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ብዙውን ጊዜ ታክሲዋን ያስረክባል። «ምክንያት» ከሚለው ሥር «ከሴት ተሳፋሪ ጋር አጠራጣሪ ንግግር» ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

በሦስተኛው ሐሙስ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ።

«እስቲ አንብብልኝ፣ ሐኪሙ ምን ብሎ ጻፈ?»

«የቀኙ ዓይን… ‹ከእንግዲህ› የሚል መሰለኝ። የግራው ደግሞ… እትዬ፣ የሐኪም ጽሑፍ እኮ ነው፣ አይነበብም።»

«አንተም ታወርክ?» አልሽው። ሁለታችሁም ሳቃችሁ።

«ለወንድምዎ ቢነግሩትስ?» አለሽ ቆይቶ።

«ለእሱ? እሱ አንድ ነገር ከሰማ መች ይለቃል! መጀመሪያ መቀሴን ይደብቅብኛል፣ ቀጥሎ የስፌት መኪናዬን፣ ከዚያ በሩን ይቆልፍብኛል። ለደኅንነትሽ ነው እያለ። አሳድጌው የለ? በልጅነቱ ወተት ስሰጠው እንኳ አሽትቶ ነበር የሚጠጣው።»

ጥቁር ቁልፍ፣ ሰማያዊ ቁልፍ። ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ቅጹን ለማስመለስ ወደ ኃላፊዬ ክፍል ሄድኩ። ሮጬ ነው የሄድኩት።

«ለምን ይመለሳል?» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ተሳፋሪዋን ታውቃታለህ?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። ሥራዬን አሰብኩ። እዚያ ተቀምጬ ስሰማሽ እንደከረምኩ ብታውቂ የምታሳይኝን ፊት አሰብኩ።

«አላውቃትም» አልኩት።

«እንግዲያው ይቀጥላል።»

ነገ ረቡዕ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አምስት ሰዎች፣ ጠረጴዛው መካከል አንድ ድምፅ ማጉያ። ለእኔ ያልነገርሽኝን የዓይንሽን ነገር አምስት ሰው ሻይ እየጠጣ ሊሰማው ነው። ያ ሰውም ኮፍያውን ስለሰቀለልሽ እንጀራውን ሊያጣ ነው።

ያለፈው ሐሙስ የመጣው ቅጂ ግን ከሌሎቹ ይለያል። እንደወትሮው በጨለማ ጀመረ። ትንሽ እንደሄዳችሁ «ዛሬ አንሣት» አልሽው።

«ይቀርጸናል እኮ እትዬ።»

«አንሣት አልኩህ።»

ስክሪኑ በራ። የኋላ ወንበር ላይ፣ ከረጢትሽን አቅፈሽ። ሻርፕሽን አስተካከልሽና ፊትሽን ወደ ካሜራዋ መለስሽ። የምታይው ግን እሷን አልነበረም፤ ከእሷ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ያለውን ባዶ መስታወት ነበር። እዚያ ላለ ሰው ፈገግ አልሽ። ለማን ነው? የት እንደምውል ማን ነገረሽ? ከመቼ ጀምሮ? ወይስ በመስታወቱ ለገባው የፀሐይ ሙቀት ብቻ ነበር ፈገግ ያልሽው? እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፦ ወንበሬን ወደ ግራ አንፏቀቅሁ። ዓይንሽ ወደሚያርፍበት። ባልደረባዬ «ወዴት ነው?» አለኝ።

ዛሬ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። አንቺ ስትወጪ ጠብቄ የስፌት መኪናሽ ፊት ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ፊደሉን አተልቄዋለሁ። እሱም ካልታየሽ ማን እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ። ያንብበው፤ አንድ ቀን እንኳ እሱ እኔን ይስማኝ። አንተ ባለኮፍያው ወንድሜ፣ ቅጹን የሞላሁብህ እኔ ነኝ። ነገ ኮሚቴው ፊት ቆሜ «ድምፁን አትክፈቱት፣ እህቴ ናት» እላለሁ። እንዴት እስከ ዛሬ ዝም አልክ ይሉኛል። ይበሉኝ። ሥራውም ከሄደ ይሂድ።

መቀስሽ ያስቀመጥሽበት ነው፤ አልነካሁትም። የበሩም ቁልፍ ምስማሩ ላይ ነው። ቁልፎቹን ግን ለየሁልሽ፤ ጥቁሩ በቀኝ ሳጥን፣ ሰማያዊው በግራ።

ወተቱን አሽትቶ የሚጠጣው ወንድምሽ

ከታች መኪና ቆመ። ወደ መስኮቱ አልሄድኩም። የኋላው በር ተዘጋ፤ አልገጠመም። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ነኝ።

ደግሞ ተዘጋ።