በሹካ ስለዳነው ባለቤቴ

ለክቡር ዶክተር ላቀው
የተሃድሶ ሕክምና ትምህርትና ምርምር ክፍል ኃላፊ
ስሙን ለክብሩ ስል በማልጠራው ኮሌጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተሳታፊ ቁጥር 17 መዝገብ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። አካልዎ ከነሙሉ ጣቶቹ፣ ቤትዎ ከነሙሉ ማዕዱ ሰላም ይሁን። እኛ ሀና ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ የምንኖረው ሰዎች፣ ከአቧራው በቀር ደኅና ነን። «እኛ» ያልኩት ከልማድ ነው፤ አሁን በቤቱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወይዘሮ ጤናዬ እባላለሁ። በቀበሌ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ደብዳቤ ያለ ጉዳይ፣ ጉዳይም ያለ ቁጥር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ለክፍልዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ። አንዱ አጥሮ ሌላው ቢረዝም የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ነገሩ የሆነው እንደዚያ ነው።

1. ወደ ቤታችን ሰው ስለላኩ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ለሊሳ ለቡ አካባቢ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ሲያመርት የኖረ ሰው ነበር፤ መሬቱ ላይ ፎቅ ሲሠራበት ደግሞ የዚያው ፎቅ ጥበቃ ሆነ። አምና በጥቅምት፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን ያዘው። ሐኪሞች ነፍሱን አተረፉ፣ እግሩም እየቆየ በከዘራ መሄድ ቻለ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደተኛ ቀረ። በኅዳር ተማሪዎ ኤልዳድ ለምርምሩ መጣ። ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሕክምና መልበስን፣ መታጠብን፣ መብላትን፣ ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሁሉ መልሶ የሚያስተምር መሆኑን አስረዳን፤ ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሳያጓድል ተመላለሰ። ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል፣ ለሊሳን «አባባ» ይላል፣ የደረቁትን ጣቶች የወለደው ልጅ በማይችለው ትዕግሥት ያሻል። በአንድ እጅ ቁልፍ መቆለፍ አስተማረው። ሽምብራ አንድ በአንድ ከጣሳ ወደ ጣሳ ያስለቅመው ነበር፤ ያን ሁሉ ሽምብራ ከማሳው ያፈሰ ሰው አንዷን ፍሬ ለመያዝ ሲያልበው ማየት ከባድ ነበር፣ ግን ደስም ይል ነበር። ይህኛው ምስጋና የእውነት ነውና ከሚቀጥሉት ጋር እንዳይደባለቅብዎ አደራ እላለሁ።

2. ስለ ሹካው አመሰግናለሁ። በቅጽዎ አራተኛ ገጽ ላይ «መመገብ» በሚለው ሥር፣ ታማሚው በሹካ ወይም በማንኪያ ምግብን ከሳህን አንሥቶ ያለ ሰው እርዳታ ወደ አፉ ማድረስ መቻሉ ይጠየቃል። በእኛ ቤት ሹካ ስላልነበረ ኤልዳድ ከቦርሳው አወጣ፤ ለክብሩ ስል እኔም መኮሮኒ ቀቀልኩ። ለሊሳ በስድስተኛው ሳምንት በግራ እጁ መኮሮኒ መብላት ቻለ። ሙሉ ነጥብ አገኘ፤ «ራሱን ችሏል» ተብሎ ተጻፈ። ኤልዳድ ከበሩ ሲወጣ ባለቤቴ ሹካውን አጥቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ለሊሳ በስድሳ አራት ዓመት ዕድሜው ግራ እጁን ገበታ ላይ ዘርግቶ አያውቅም። ግራ እጅ የሚሠራው ሥራ ይታወቃል፤ ለክቡር ሰው በደብዳቤ አይጻፍም። ሰው በከበበው ትሪ ላይ እንጀራ በሹካ አይወጋም። ለብቻው በሳህን ቢቀርብለት ደግሞ፣ ሰው የሚጸየፈው በሽተኛ የሆነ መሰለው። ስለዚህ ሳህኑን ይዞ ጓዳ እየገባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላ ጀመር፤ እያደር ሳህኑ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። እኔ ላጉርስህ አልኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጎርስ ባል ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አልነገረኝም። ከንፈሩን ገጠመ። የተቆጣ አልነበረም፤ ያፈረ ነበር።

ለኤልዳድ በመጨረሻው ሳምንት ይህንን ሁሉ ነገርኩት። መሬት መሬቱን እያየ፣ እውነትዎን ነው እማማ፣ ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኔ ራሴ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ስንቱን እናት «ቅጹ ላይ ቦታ የለውም» ብዬ መልሻለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

3. ያልተጣሉ ሰዎች እንዲታረቁ ስላበቃችሁ አመሰግናለሁ። ኦልጅራ የባለቤቴ የልጅነት ባልንጀራና የእርሻ ጎረቤት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከለሊሳ ጋር በአንድ ትሪ ምሳ በልቷል። ከጥር ወዲህ ግን ለሊሳ አንዴ «ጠግቤያለሁ»፣ አንዴ «ሆዴን ቆርጦኛል» እያለ ከገበታው ይርቅ ጀመር። በእኛ ሰፈር ሰው ከባልንጀራው ማዕድ እጁን የሚሰበስበው ሲቀየም ነው። ኦልጅራም ምን እንደበደለ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ፣ በመጋቢት ወር ሦስት ሽማግሌዎች ላከ።

ለሊሳ፣ አልተጣላንም፣ እጄ ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ እጁን ከሚያሳይ ቂመኛ መባልን መረጠ። ሽማግሌዎቹ በደልህን ተናገር ብለው ሲያፋጥጡት ጊዜ፣ ድንበሬን ገፍቶብኛል አለ። ተገፋ የተባለው ድንበር አስፋልት ከለበሰ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሁን ሚኒባስ ይዞርበታል። ምስኪኑ ኦልጅራ ግን ብድግ ብሎ፣ ገፍቼም ከሆነ ማረኝ እያለ እግሩ ላይ ወደቀ። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ተሳሳሙ። እርቅ የሚታሰረው በማዕድ ነውና ትሪው ቀረበ፣ እጅ ተታጠበ፣ ኦልጅራ እንጀራውን ቆርሶ ጠበቀ። ለሊሳ ትሪውን ጥቂት አየት አደረገና፣ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ከዘራውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቂሙ አልለቀቀውም ብለው ሄዱ። ኦልጅራ ደጃችንን መልሶ የረገጠው ለቀብር ነው።

እኔም በዚያን ቀን እውነቱን መናገር እችል ነበር። ለሊሳ በዓይኑ ስለለመነኝ ዝም አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለእርስዎ ብዬ አልጻፍኳትም።

4. ስለማያቋርጠው ክትትላችሁ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አምና በሐምሌ ሳንባ ምች ይዞት በአምስት ቀን ሞተ። ገላውን ያጠቡት ሰዎች እንደ ልጅ ቀሎ ነበር ብለው ነገሩኝ። በመስከረም ከክፍልዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደውላ፣ አቶ ለሊሳ ባለፉት አራት ሳምንታት ያለ ሰው እርዳታ ተመግበዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሞቷል አልኳት፤ አዘነች፣ ነፍስ ይማር አለች። በታኅሣሥ ሌላ ልጅ ደውሎ ያንኑ ጠየቀ፤ ያንኑ መለስኩ። በመጋቢት ሲደወል ግን፣ «አዎ፣ ተመግቧል» አልኩ።

ያበድኩ እንዳይመስልዎት። ቀን በሰባት ሰዓት፣ ምሳ በሚቀርብበት ሰዓት፣ ከጓዳ ሽምብራ ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ እሰማለሁ። አንድ ፍሬ፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ አንድ ፍሬ። ስገባ ጣሳው እንደተከደነ ነው። ቄሱ ጸበል ረጩበት፣ እኔም ጣሳውን ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ድምፁ አልሄደም። መጀመሪያ እፈራ ነበር። አሁን የሚያስፈራኝ ድምፁ የቀረብኝ ቀን ነው። ስለዚህ ለተማሪዎ «አዎ» ስል አልዋሸሁም፤ ለብቻው፣ ያለ ሰው እርዳታ፣ እስከ ዛሬ ይለማመዳል።

5. በግንቦት «ለአቶ ለሊሳና ቤተሰባቸው» ተብሎ በተጻፈ ጥሪ ወደ ዓመታዊ የምርምር ቀናችሁ ስለጠራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ። መብራቱ ሲጠፋ ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ታየ፤ በሕይወት ሳለ ካየሁት ይልቅ ገዝፎ፣ በግራ እጁ ሹካ ይዞ፣ መኮሮኒ እየወጋ። ከሥሩ «ተሳታፊ 17፦ ራሱን ችሏል» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ፣ ሹካውን አስቀመጠ፤ እዚያ ላይ ቀጥ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፊልሙ ለተማሪዎች በየዓመቱ እንደሚታይ እርስዎ ራስዎ በኩራት ተናገሩ።

ፊልሙ ግን እዚያ ላይ አላለቀም ነበር። ሲቀረጽ ብርሃን እንዲገባ መጋረጃውን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ለሊሳ ሹካውን አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ኤልዳድን አየውና፣ «እንግዲህ ከሰው ጋር መብላት እችላለሁ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኤልዳድ ካሜራውን አጠፋ። ያ ጥያቄ ከምርምሩ ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ብቸኛው ነገር ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ በስምንት ሳምንት ውስጥ የጠየቃችሁ እሱን ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴን ገደላችሁት አልልም። የገደለው በሽታው ነው፤ እኔ በማስረጃ ያልተያዘ ነገር አልጽፍም። የምለምነው ትንሽ ነው። በቁጥር 17 መዝገብ ላይ «ራሱን ችሏል» የሚለው ተሰርዞ «ከሰው ጋር መብላት አልቻለም» ተብሎ ይጻፍ፤ ስርዙም ፊርማ ይደረግበት። የተቆረጠችው ጥያቄ ወደ ፊልሙ ትመለስ። ተማሪዎችዎም ወደ ቀጣዩ ቤት ሲገቡ፣ ሹካውን ከማውጣታቸው በፊት፣ ከማን ጋር ነው የሚበሉት ብለው ይጠይቁ። ባዶ ቦታ ከሌለ ኅዳጉ ላይ ይጻፉት፤ በእኔ ጊዜ ኅዳግ የሚተወው ለዚሁ ነበር። ይህ ካልሆነ ሟቹ ባለቤቴ በየዓመቱ ግድግዳችሁ ላይ እየተነሣ፣ ያልዳነውን ድኛለሁ እያለ ይመሰክራል። እኔ በሕይወት እያለሁ ይህንን መፍቀድ አልችልም።

ውድ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክፍልዎ የምርምር ዕድገት፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና የሚታዘዙ ጣቶች የምመኝ፣

የተሳታፊ ቁጥር 17 ሚስት፣
ጤናዬ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም

ማሳሰቢያ፦ ከጭብጨባው በኋላ ለተጋበዝነው ምሳም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከእርስዎ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር፤ አላዩኝም። ሹካው በናፕኪን ተጠቅልሎ ቀኝዎ ላይ ተቀምጦ ነበር። ገፋ አድርገውት፣ እጅዎን ታጥበው፣ ከባልደረቦችዎ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ፤ አጠገብዎ ያሉትንም ሰው አጎረሱ። ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አውጥቼ፣ በቅጽዎ አራተኛ ገጽ መሠረት «ራሱን አልቻለም» ብዬ ልሞላልዎ ነበር። ግን ከሰው ጋር ነበር የሚበሉት፤ ተውኩት።